አንዲት ሃይድሮጂን

«አንዲት ሃይድሮጂን ናት እኮ! ከሴሚናሩ በኋላ እንነግራታለን፤ ዛሬ ለምን እናስደነግጣታለን?»

ብሪዮኒ ሃሎራን ይህን የሰማችው ሻይ ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ለከሰዓቱ እንግዶች የገዛችውን የወረቀት ሳህን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማ ነው። ድምፁ የዶክትሬት አማካሪዋ የግሬም ነበር። ሲያወራ ማንኪያውን ከኩባያው ጋር ማንኳኳት ልማዱ ስለሆነ ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። ቀጥሎ የተናገረው ሺራንታ ነው፤ አምና የተቀጠረው ወጣት ተመራማሪ፣ ከእሷ ጋር አንድ ቢሮ የሚጋራው። «ከነገርኩህ እኮ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ግሬም። እኔ ፊት ለፊቷ ነው የምቀመጠው፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ» አለ። ግሬም ሳቀ። «እንግዲያው ወደ መስኮቱ ዞረህ ተቀመጥ» አለው፤ ማንኪያውም ኳ ኳ ማለቱን ቀጠለ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ዛሬ ሴሚናር ያለባት ሴት አንዲት ብቻ ናት። ብሪዮኒ ሳህኖቹን ኮሪደሩ ላይ ከእሳት ማጥፊያው ሥር አስቀመጠችና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

የምታጠናው አንድ ፕሮቲን ነው። የአንጎል ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት ሲልክ ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የተረጨው ቶሎ ካልተነሳ ግን ሕዋሱን ይመርዘዋል። የሚያነሳው ይህ ፕሮቲን ነው፤ አጓጓዥ ይሉታል። በላይኛው በር ግሉታሜቱን ይቀበላል፣ በሩን ይዘጋል፣ እንደ ሕንጻ አሳንሰር ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በታችኛው በር ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያራግፋል። ብሪዮኒ ይህን የምትከታተለው በኮምፒውተር ነው። ፕሮቲኑን፣ የተሰካበትን የስብ ሽፋን፣ ዙሪያውን ያለውን ውሃና ጨው አቶም በአቶም ትገነባና እንዲንቀሳቀስ ትለቀዋለች። ካንቤራ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ወር ሙሉ ለፍቶ የሚሰጣት ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰች ጊዜ ናት። ሦስት ዓመት ተኩል እንዲህ ለቃቅማ ያገኘችው ነገር አንድ ነው፤ አጓጓዡ ወርዶ ሊያራግፍ ሲል የታችኛው በር በግማሽ ተከፍቶ ይቆማል፣ ውሃም ይገባበታል። «ግማሽ በር» ብላ ስም አወጣችለት። የመመረቂያ ጽሑፏ አራተኛ ምዕራፍ እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሌሎቹ ምዕራፎች አጃቢ ናቸው። ግሬም በየአገሩ ስብሰባ ስለ ግማሽ በር ተናግሯል። እናቷ እንኳ በምትኖርባት ትንሽ ከተማ በኩማ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የአንጎል በር አገኘች» እያለች ታወራለች።

ታዲያ ሃይድሮጂን በዚህ ሥራ ውስጥ አትታይም። ከላቦራቶሪ የሚመጣው የፕሮቲኑ ሥዕል ትልልቆቹን አቶሞች እንጂ ሃይድሮጂኖቹን አያሳይም፤ እነሱን ማሰናጃው ፕሮግራም በልማድ እየገመተ በየቦታቸው ይሰካቸዋል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ እዚያው ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ፣ ልማዱ የማይሠራበት አሲድ አለ፤ አጓጓዡ ጭነቱን ይዞ ሲወርድ እዚያ አሲድ ላይ አንዲት ሃይድሮጂን ተቀምጣ አብራ መጓዝ አለባት። እሷን ሰው በእጁ ነው የሚሰካት። የግሬም ቡድን ውስጥ ደግሞ ማንም ከባዶ አይጀምርም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የቀድሞው ተማሪ ፋይሎች ይሰጡታል፣ በላያቸው ላይ ይሠራል፣ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ያወርሳል። ብሪዮኒ የወረሰችው ከፒያ ነው፤ ፒያ ዛሬ ብሪዝበን ነች፣ ልጅ ወልዳለች። ብሪዮኒ የራሷን ፋይል ከፒያ የድሮ ሥራ ጎን ለጎን ከፍታ ስታስተያይ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። ፒያ ያቺን ሃይድሮጂን ሁልጊዜ በመጨረሻ በእጇ ትሰካት ነበር። ያስረከበችው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ፋይል ነው፤ ወይ ረስታ፣ ወይ ይህንማ ማን ያጣዋል ብላ። ግሬምም ያስተማራት ነገር የለም፣ ብሪዮኒም አልጠየቀች። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተች፤ አሲዱ ባዶ ነው። የአምናውን ከፈተች፤ ባዶ ነው። ሃይድሮጂን የሌለው አሲድ ውሃ ይጠራል፣ ውሃው ይገባል፣ የገባው ውሃ በሩን ይገፋል። ግማሽ በር የሚባል ነገር በማንም ሰው አንጎል ውስጥ የለም። ራሷን በጥፊ ብታጮለው ደስ ይላት ነበር፤ ግን ከራሷ በፊት ልታጮለው የሚያምራት ሌላ ፊት ነበር።

ሺራንታ ሻዩን ይዞ ሲገባ ስክሪኗን አየና በሩ ላይ ቀረ።

«ሰማሽን እንዴ?»

«ያ ሁሉ ኩባያ እየተንኳኳ ማን የማይሰማ አለ?»

«ልነግርሽ ነበር ብሪ። እናቴ ትሙት ልነግርሽ ነበር። ኮንትራቴ በሚቀጥለው ወር ያልቃል፤ የሚያድሰው ደግሞ እሱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰሞኑን ወደ መስኮት ስትዞር ፀሐይ ፈልገህ መስሎኝ!»

ሺራንታ ተቀመጠ፣ ሻዩን ሳይጠጣው ጎኑ አኖረውና «ምን ላድርግልሽ?» አለ። ቡድኑ ምድር ቤት የራሱ የሆነ አንድ ማሽን አለው፤ ከሳምንት በላይ የእሱን ሥራ ሲሠራ የሰነበተ። «ማሽኑን ልቀቅልኝ» አለችው። አንድም ሳይከራከር የራሱን አቁሞ ለቀቀላት። ብሪዮኒ ፋይሉን ከፈተች፣ አሲዱን ጠቆመች፣ ሃይድሮጂኗን ሰካቻት። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። በእሷ ሥራዎች ሁሉ በሩ መከፈት የሚጀምረው ገና ከጅምሩ ስለነበር እስከ ሴሚናሩ ድረስ ቁርጡ ይታወቃል። ሥራውን ለቀቀችውና ወደ ግሬም ቢሮ ሄደች።

የግሬም ቢሮ ብስክሌቱንም ያሳድራል። ብስክሌቱ የተደገፈበት ግድግዳ ላይ ግማሽ በር በትልቁ ታትሞ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ውሃው በሰማያዊ፣ በሩ በብርቱካን ቀለም፤ ቀለሞቹን የመረጠችው እሷ ናት።

«ከሴሚናሩ በኋላ ቢራ ጋብዤ ልነግርሽ ነበር» አላት ገና ስትገባ፤ ፊቷ ላይ አንብቦታል። «ተቀመጪ፣ እንደ ፖሊስ አትቁሚብኝ።»

አልተቀመጠችም።

«ስሚኝ፣ ስህተት የሌለበት ሞዴል የለም። መጨረሻ ላይ ‹የጥናቱ ውስንነት› በሚለው ሥር አንድ አንቀጽ ትጽፊያለሽ፤ አበቃ። ማን ያነበዋል?»

«ምዕራፉ በሙሉ ነው እኮ ውስንነት የሆነው!»

«አትጩኺ። ዓርብ የምርምር ድጋፍ ማመልከቻችን ይገባል። ማመልከቻው ግማሽ በር ነው፤ በሱ ላይ የሁለት ዓመት ሥራ ለአንቺ ጽፌበታለሁ። ዛሬ ሰው ፊት ካፈረስሽው የራስሽን እንጀራ ነው የምታፈርሺው። እኔ አላስገድድሽም፤ እንደወደድሽ።»

እንደወደድሽ ሲባል ደሟ ፈላ። የትምህርት ድጎማዋ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ዛሬ ሴሚናሩ ካለፈ ጽሑፉን ታስገባለች፣ ሥራው ይጠብቃታል፣ የቤት ኪራይዋን ትከፍላለች። ከተናገረች ጽሑፍም የለም፣ ሥራም የለም፤ ሠላሳ ሊሞላት ወር ሲቀራት ኩማ ተመልሳ የእናቷ ልብስ መተኮሻ ባለበት ክፍል መተኛት ነው። ካልተናገረች ደግሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስሟ የተጻፈበት ውሸት ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ይመጣና ፋይሎቹን ይወርሳል። ጥላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ከአውቶቡስ ወርዳለች።

ኖሪን ሃሎራን ለቀብርና ለሠርግ የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ፣ በአንድ እጇ ፎጣ የተሸፈነ ትሪ፣ በብብቷ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቆማለች። የምትሠራው ከኩማ ወጣ ብሎ ባለው የበረዶ መንሸራተቻ፣ ጫማ በሚከራይበት መስኮት ነው። በዚያ አገር ሐምሌ ማለት ደግሞ በረዶው የሚጋፋበት፣ ሰው ከመስኮቱ እስከ መኪና ማቆሚያው የሚሰለፍበት ጊዜ ነው፤ አለቃዋ አንድ ቀን እረፍት ሲሰጣት አፍንጫውን ነፍቶ ነው። ትሪው ላይ ያለው ባለቸኮሌት ብስኩት ለእንግዶች ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የፍራፍሬ ኬክ ግን ለግሬም ብቻ ነው፤ ከፋሲካ ጀምሮ በየሳምንቱ ብራንዲ እያጠጣች ስታሳድገው የከረመች። ቆርቆሮው የእናቷ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የተሳለው የበግ ጠባቂ ውሻ ፊቱ ተልጦ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። «መጀመሪያ ለሱ ነው የምሰጠው» አለች፣ «ሰው ሳይበዛ።» ብሪዮኒ ኋላ ይሻላል ብትልም አልሰማቻትም። ግሬም ኖሪንን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ጉንጯን ሳመ። «ልጄን ሰው ስላደረግህልኝ ነው» አለችው ቆርቆሮውን በሁለት እጇ እየዘረጋች። «ኮከባችን እኮ ናት፣ ኖሪን!» አለ፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ። ብሪዮኒ ብስክሌቱ አጠገብ ቆማ የብስክሌቱን ጎማ አየች።

ምሳ በልተው እንዲጠብቁ ካፌ ገቡ። ኖሪን የዋጋ ሰሌዳውን እያየች «ለተጠበሰ ዳቦ አሥራ አራት ዶላር! ዳቦውን ማን ነው የጠበሰው፣ ንጉሡ?» አለችና ውሃ ብቻ አዘዘች፤ ብሪዮኒ ግን ዳቦውን ገዛችላት። ኖሪን ስለ ሥራዋ አወራች፤ የሲድኒ ሰው የእግሩን ልክ እንደሚዋሽ፣ ሴቱ ቀንሶ ወንዱ ጨምሮ እንደሚናገር፣ በኋላ ሁለቱም እያነከሱ እንደሚመለሱ። ብሪዮኒ ሳቀችላት። እናትና ልጅ ስልክ ላይ እንጂ ፊት ለፊት የሚያወሩት ብዙም የላቸውም፤ የሚንጫጫው የቡና ማሽን ዝምታውን ሸፈነላቸው። አንድ ሁለት ጊዜ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከየት ትጀምር? ከግሉታሜት ነው፣ ከፒያ ነው፣ ወይስ ከማንኪያው? ኖሪን የዳቦውን ግማሽ ወደ እሷ ገፋች።

«ብዪ እንጂ። ፈራሽ?»

«አይ እማ።»

«ምን ያስፈራል? ሁሉንም ነግሬያቸው ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ዶክተር ትሆናለች ብያለሁ።»

«ዛሬ አይደለም እኮ፣ ሴሚናር ብቻ ነው። ነግሬሽ ነበር።»

«ያው ነው» አለች ኖሪን፣ ፍርፋሪውን በጣቷ እየለቀመች።

ወደ አዳራሹ ከመግባቷ በፊት ብሪዮኒ ቢሮዋ ሄዳ ማሽኑ የደረሰበትን አየች። አጓጓዡ ጭነቱን ይዞ ይወዛወዛል፣ ውሃው ከውጭ ይርመሰመሳል፣ የታችኛው በር ግን ተዘግቷል። ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ማንኛውም መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው፣ ዝም ብሎ ተዘግቷል። ሺራንታ ከኋላዋ ቆሞ አየውና «በቃ» አለ። ብሪዮኒ የበሩን ተንቀሳቃሽ ምስል ቀድታ ከሴሚናሯ ሥዕሎች መጨረሻ ላይ ጨመረችው። ያኔም ቢሆን ታሳየው እንደሆነ ገና አልቆረጠላትም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ስብሰባውን የምትመራው ጸጉሯ የሸበተ ዊኒፍሬድ የምትባል ፕሮፌሰር ናት፤ ጽሑፉ ይግባ አይግባ የሚለው ውሳኔ በእሷ እጅ ነው። ኖሪን ፊተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድም ነገር ሳይገባት፣ በየመሐሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ብሪዮኒ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደተለመደው አለፈቻቸው። ሰማያዊና ብርቱካን ሥዕሉ ላይ ስትደርስ ግሬም እግሩን አነባብሮ ወደ ኋላ ተደላደለ። ያ መደላደሉ ነው የቆረጠላት።

«ይህ በር የለም» አለች።

አንድ ሰው የሳቀ መሰለ፤ ቀልድ መስሎት። ብሪዮኒ አሲዱን አሳየች፣ የጎደለችውን ሃይድሮጂን አሳየች፣ ውሃው ለምን እንደገባ ተናገረች። ከፒያ ወረስኩት አላለችም፤ «ሳልፈትሽ ሦስት ዓመት ተኩል ሠራሁበት» አለች። በመጨረሻ ያን የተዘጋ በር ለቀቀችው። ተዘግቶ ይወዛወዛል፣ ተዘግቶ ይወዛወዛል፤ አርባ ሰው ተዘግቶ የቆየ በር ያያል። ከኋላ ረድፍ ሦስት ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን በብብታቸው አድርገው ጎንበስ እያሉ ወጡ፤ የራሳቸውን ፋይል ሊያዩ ነው።

ዊኒፍሬድ መነጽሯን አወለቀች። «መቼ ነው የታወቀው?» ስትል ብሪዮኒ አፏን ሳትከፍት ግሬም ተነሣ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡድናችን ሥራውን በየጊዜው ይፈትሻል። ይህንንም ያገኘነው እኛው ራሳችን ነን፤ ከሦስት ሳምንት በፊት። ብሪዮኒም በግልጽ ማቅረቧ...»

«እኔ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው» አለች ብሪዮኒ። «ሻይ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ።»

ግሬም እንደቆመ ቀረ። ሺራንታ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ቀና አለ፤ «እውነቷን ነው፤ ለሱ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ እስከ ኋላ ረድፍ አልደረሰም፤ ዊኒፍሬድ ጋ ግን ደርሷል። መነጽሯን አጠለቀች፣ አንድ ነገር ጻፈች፣ ከዚያ «ሻይ እንጠጣ» አለች።

ሻዩ ላይ ስለ ሃይድሮጂን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ስለ ብርዱ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ቅጣት ተወራ፤ የኖሪን ትሪ ከመቅጽበት ባዶ ሆነ። ዊኒፍሬድ ብሪዮኒን ወደ መስኮቱ ለየት አድርጋ፣ ምዕራፉን እንደገና የምትሠራበት ስድስት ወር እንደምትሰጣት ነገረቻት። ድጎማውን ግን ማራዘም በእሷ እጅ አይደለም፤ የዓርቡን ማመልከቻ ጉዳይ ደግሞ ከግሬም ጋር ትነጋገራለች። «ደግ አደረግሽ» አለቻትና ክንዷን ነክታት ሄደች። «ደግ ማድረግ እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ» አለች ብሪዮኒ በሆዷ። ያሸነፈችው ነገር የለም። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ለፍታ ያሳየችው ነገር ቢኖር በር መዘጋቱን ነው።

ኖሪን ሻይዋን እንደያዘች አጠገቧ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሦስት ሳምንት ያለው ምንድን ነው?»

ብሪዮኒ ባጭሩ ነገረቻት፤ ስህተቱ ምን እንደሆነ ሳይሆን ማን መቼ እንዳወቀ ብቻ። ኖሪን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ታዲያ ኬኩን ሲቀበለኝ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር እማ።»

«ሲስመኝም?»

ኖሪን ኩባያዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በኮሪደሩ ወደ ግሬም ቢሮ ሄደች። ብሪዮኒ ተከተለቻት። ግሬም በሩን ገርበብ አድርጎ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ቆርቆሮው ተከፍቷል፣ አንድ ወፍራም ቁራሽ እጁ ላይ ነው።

«ግሬም፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ቆርቆሮዬን ልወስድ ነው።»

«ኧረ ምን ገዶኝ ኖሪን! ባዶ ሲሆን በብሪዮኒ እልክልሻለሁ።»

«ባዶውን አላልኩም» አለች ኖሪን።

ክዳኑን ገጠመችና በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ዘጋችው። የያዘውን ቁራሽ ግን ከእጁ አልነጠቀችም። ግሬም ይጉረሰው ወይ ያስቀምጠው ግራ ገብቶት፣ ፍርፋሪ ሱሪው ላይ እየወረደ፣ ሲወጡ እንደዚያው ነበር።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ፌርማታው ላይ ተቀመጡ። መሽቶ ባይጨልምም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኖሪን ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ ከፍታ ኬኩን በእጇ ቆረሰች፤ አንዱን ለልጇ፣ አንዱን ለራሷ። ብሪዮኒ ሳቅ መጣባት፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ኖሪንም ላባብልሽ አላለቻትም፣ መሐረብ ብቻ ሰጠቻት። ኬኩ ከብራንዲው ብዛት ጉሮሮ ያቃጥላል።

«አሁን እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው?» አለች ኖሪን።

«ከመጀመሪያው ነው።»

«ያቺን ነገርዬስ? ሰካሻት?»

«ሰክቻታለሁ።»

የአውቶቡሱ መብራት ከማዞሪያው ብቅ አለ። ኖሪን ቆርቆሮውን ዘጋች፣ የውሻውን ጆሮ በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔስ ኩማ ላይ ሰዉን ምን እለዋለሁ?»

«ስድስት ወር ቀራት በይ።»

«አምናም እኮ ይህንኑ ነው ያልኩት» አለች ኖሪን፤ ቆርቆሮውን ልጇ ጭን ላይ አስቀምጣላት ወደ አውቶቡሱ ተነሣች።